የእታለም ወንበር

ባለቤቴን ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። እናቱና አባቱ ተከታትለው ሲሞቱበት ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበር፤ እጁን ይዘው ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤታቸው ወሰዱትና እናትም አባትም ሆኑት። ስማቸውን የሚጠራ ሰው አልነበረም። ትንሹም ትልቁም «እታለም» ነበር የሚላቸው፤ እኔም ምራታቸው ሆኜ ስገባ በዚያው ጠራኋቸው።

እታለም የሰው ልብስ እያጠቡና እየተኮሱ ነው የኖሩት። ቤታቸው ሁልጊዜ የሳሙናና የትኩስ ጨርቅ ሽታ ነበረው። ጓሮው ማጠቢያ ገንዳና የልብስ ገመድ ነው፤ የፊቱን ክፍል ደግሞ ረጅም የመተኮሻ ጠረጴዛ ሞልቶታል። እዚያ ጠረጴዛ ጋ ቆመው ካውያውን እየገፉ ለልጁ የጥንት ነገሥታትን ታሪክ ይነግሩት ነበር። ሌላ ተረት አያውቁም። ማን እግዚአብሔርን በሙሉ ልቡ እንደተከተለ፣ ማን ጀምሮ እንዳቋረጠ፣ ማን ከነአካቴው እንዳልሞከረ፣ የጎረቤት ወሬ እንደሚያወራ ሰው ያወሩታል።

«ንጉሥ እንደ ነጭ ሸሚዝ ነው» ይሉት ነበር። «መጀመሪያ የሚቆሽሸው አንገቱ ነው። ዖዝያንን አታየውም? ትንሽ ሳለ ይሰማ ነበር፤ ሲበረታ አንገቱን አቀናና የካህናቱን ሥራ ካልሠራሁ ብሎ ጥና ይዞ ቤተ መቅደስ ገባ። እዚያው ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት።»

ስለ ኢዮአስ ሲያወሩ ግን ቀልዱን ይተዉታል። «ያሳደገው ካህን በሕይወት እስካለ ድረስ ደግ ንጉሥ ነበር። ካህኑ ሲሞት ግን የካህኑን ልጅ አስወገረ። ለምን መሰለህ? የቆመው በሰው ትከሻ ላይ ነበራ! አንተ በእኔ ትከሻ እንዳትቆም። በገዛ እግርህ ቁም።»

ጸሎት ቤታችንም የተጀመረው እዚያው ጠረጴዛ ጋ ነው። ልብሷን ልትወስድ የመጣች ሴት ችግሯን ታወራለች፤ እታለም ካውያውን ያስቀምጡና አብረው ይጸልያሉ። በሚቀጥለው ጊዜ እህቷን ይዛ ትመጣለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ክፍሉ ጠበበና ሰፈሩ ጥግ ላይ የነበረ ባዶ መጋዘን ተከራየን። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሰባኪውን የሚሰማው ሰባኪው ብቻ ነበር።

ባለቤቴ አናጢ ሆነ። የራሱን ሱቅ ሲከፍት በመጀመሪያ የሠራው ዕቃ ለገበያ አልወጣም፤ ለእታለም የሚሆን ወንበር ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ቆመው ስለሠሩ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። እንዲነሡ የሚመች እጀታ፣ ወገብ የሚደግፍ ጀርባ፣ ቀይ ትራስ አደረገለት። እታለም ሲያዩት ሳቁ፦ «እኔን አጣቢዋን ዙፋን ላይ ልታወጣኝ ነው?» መጋዘኑ ውስጥ ከፊት ተቀመጠላቸው።

አንድ ቀን ከሕንፃ ላይ የወደቀ ግንበኛ በቃሬዛ አመጡ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ አይሄድም ብለውታል። እታለም ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን ጭነው ብዙ ጸለዩለት። ግንበኛው ወር ሳይሞላው በከዘራ፣ ከዚያ ያለ ከዘራ መጣ። ሰምቼ አይደለም፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እግዚአብሔር በእሳቸው እጅ ሠርቷል፤ ይህን የካደ ሰው በመካከላችን አልነበረም።

ችግሩ ከዚያ ጀመረ። መጀመሪያ አንዲት እናት የታመመ ልጇን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሰው ሲገባም ሲወጣም እጀታውን መዳሰስ ያዘ። እታለም በመጀመሪያዎቹ ወራት «ተዉ፣ እንጨት ነው!» እያሉ ይቆጡ ነበር። እየቆየ ቁጣው ወደ ፈገግታ ተለወጠ፤ በመጨረሻ የትራሱ ጨርቅ ሲያረጅ በቀጭን በቀጭኑ ቀደው ለበሽተኞች ማደል ጀመሩ። እኔ በእሳቸው መፍረድ አልችልም። የሰውን ጉድፍ ሲያጥቡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ማንም ልብ ያላለውን እጃቸውን ሰው ተሰልፎ ሲስመው ማን ልቡ አይሞቅም?

ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ስኳር ያለባት፣ በየቀኑ መርፌ የምትወጋ። ቀይዋን ቁራጭ ጨርቅ ወስዳ ትራሷ ሥር አደረገች። ከዚያም እታለምን «መርፌውን ብተወው ምን ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እታለም ተዪ አላሏትም። «ያመነ ምን ይፈራል?» ብቻ አሉ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሴትየዋ መርፌውን ተወች፤ ሳምንት ሳይቆይ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ተገኘች። በስንት መከራ ተረፈች፤ የግራ እግሯ ጣቶች ግን ተቆረጡ።

በዚያን ጊዜ ባለቤቴ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሆኖ ተመርጦ ነበር። ተሰበሰቡ፤ ሁሉም ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ሁሉም ደግሞ መሬት መሬት ያያል። ሹፌሩ፣ ከሽማግሌዎቹ ቀልደኛው፣ «በድመቷ አንገት ላይ ቃጭል ማን ይሰር ነው ነገሩ» አለ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

ቤት ሲመጣ ራቱን ሳይነካ ተቀመጠ። «ንጉሥ አሳ ጣዖት ስላቆመች አያቱን ከእቴጌነቷ ሲሽር ምን ተሰምቶት ይሆን?» አለኝ። «እታለም ይህን ታሪክ ስትነግረኝ አንድም ቀን ስለ ልቡ ጠይቄያት አላውቅም።»

በማግስቱ አብረን ሄድን። እታለም ሸሚዝ እየተኮሱ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ቆመ።

«እታለም፣ አንድ ቃል ብቻ ተናገሪ። ወንበሩ ወንበር ነው፣ መድኃኒታችሁን አትተዉ በያቸው። ካንቺ አፍ ከሰሙ ይበቃል።»

ካውያውን አላቆሙም። «እኔ መድኃኒት ተዉ አላልኩም።»

«አላልሽም። ግን ስትጠይቅሽ ያመነ ምን ይፈራል አልሻት።»

«ታዲያ ውሸት ነው? አሳ እግሩን ሲታመም ሐኪም ፈለገ እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም ተብሎ አልተወቀሰም? ያስተማርኩህ ጠፋህ?»

«አልጠፋኝም። ሕዝቅያስስ ሲታመም? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም ሰማው። ከዚያ ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። ጸሎቱም መድኃኒቱም ከአንድ እጅ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ካውያው ሸሚዙ ላይ ቆመ። ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ።

«የናሱን እባብም ያሠራው እግዚአብሔር ነበር። ሰው እያየው ድኗል። በኋላ ሲያጥኑለት ግን ሕዝቅያስ ናስ ነው ብሎ ሰባበረው።»

«እኔን ከእባብ ጋር!»

«አንቺን አይደለም፣ ወንበሩን ነው የምለው!»

«እቴጌነቴን ልትሽር መጣህ? አሳን አውቀዋለሁ። አያቱን ሽሮ ሲያበቃ፣ በስተርጅናው እሱን የገሠጸውን ነቢይ እስር ቤት አስገባ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብበው! አሁን ውጣልኝ።»

የሸሚዙ ጀርባ ጠቁሮ መጭስ ጀምሮ ነበር። እኔ ሮጬ ካውያውን አነሣሁት፤ ሁለቱ ግን ጭሱንም አላዩትም።

በሚቀጥለው የአምልኮ ቀን ባለቤቴ መዶሻና መሮ ይዞ ወደ ፊት ወጣ። መጋዘኑ ጢም ብሎ ነበር። እታለም እንደወትሮው ሳይሆን ዳር ቆመዋል፤ ሊቀመጡበት አልፈለጉም፣ ሊተዉትም አልፈለጉም።

«ይህን ወንበር የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «እንጨቱን የገዛሁት ከጣውላ መሸጫው ነው። ሙጫውን ያፈላሁት እኔ ነኝ። አንዱ እግር አጥሮብኝ ከሥሩ ቁራጭ ለጥፌበታለሁ፣ እዩት። ግንበኛውን ያዳነው እግዚአብሔር ነው። ይህ እንጨት ነው።»

መሮውን መገጣጠሚያው ላይ ደግኖ መታው። በገዛ እጁ ያጣበቀውን በገዛ እጁ ሲያላቅቅ እንባው ጣውላው ላይ ይወርድ ነበር። ሴቶች ጮኹ። አንድ ሰው «ያጎረሰችህን እጅ ነከስክ!» አለው። እታለም ነጠላቸውን አጠባበቁና ወጡ፤ የጉባኤው እኩሌታ ያህል ተከትሏቸው ወጣ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ እግዚአብሔር አይመልሰው። የወጡት በእታለም ጓሮ፣ በልብስ ገመዱ ሥር መሰብሰብ ጀመሩ። ባለቤቴ በመንገድ ሲያልፍ ፊት ያዞሩበታል። ሱቁ ውስጥ የተጀመረ ቁም ሳጥን ያዘዘው ሰው ትቶት ቀረ። ከእሱ አፍ ግን በእታለም ላይ አንድ ክፉ ቃል አልወጣም፤ ሌላው ሊናገር ሲጀምርም «እናቴ ናት» ብሎ ይቆርጠዋል። ወደ ቤታቸው መመላለሱንም አልተወም። በሩን አይከፍቱለትም፤ እሱም አያንኳኳም። የላላውን የልብስ ገመድ ያጠብቃል፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ያስተካክልና ይሄዳል።

አንድ ቀን ጣሪያቸው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ እኔ መሰላሉን ይዤ ነበር። ከውስጥ ድምፃቸው መጣ፤ የሚናገሩት ከኮርኒሱ ጋር ነበር።

«ምስማሩን ጠበቅ አድርግልኝ። ባለፈው የመታህልኝ ወልቋል።»

«እሺ እታለም» አለ ከላይ። ሌላ አልተነጋገሩም። ሲወርድ ግን ፊቱ ደመራ የመሰለ ብርሃን ነበረበት።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ከእኛ ጋር የቀሩት ሰዎች ባለቤቴን «ሕዝቅያሳችን» ማለት ጀመሩ። ከሩቅ ሠፈር እንግዶች መጥተው ያቺን ቀን እንዲተርክላቸው ይጠይቁታል፤ እሱም ይተርካል። በመጀመሪያ አጭር ነበር። እያደር ረዘመ፤ የመዶሻው ምት በዛ፤ እንባው ግን ከታሪኩ ውስጥ ጠፋ። እኔ ሚስቱ ነኝ፣ አየሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ አልሰማውም። አንድ ቀን እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ፣ «ሕዝቅያስ ለባቢሎን መልእክተኞች ያላሳያቸው ዕቃ አልነበረም አሉ» አልኩት። ቆጣ ብሎ አየኝ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ በሹፌሩ መኪና ተሳፍሮ ሲሄድ፣ ከመስታወቱ ሥር በቀይ ክር የታሰረ ቁራጭ እንጨት ተንጠልጥሎ አየ። የተላገ፣ በቫርኒሽ የተቀባ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አታውቀውም እንዴ?» አለ ሹፌሩ ኮራ ብሎ። «የወንበሩ እጀታ ነዋ! አንተ ከሰባበርከው ላይ ነው። ሁላችንም ቤት አለ። እኔማ ይሄን ከሰቀልኩ ወዲህ አደጋ ደርሶብኝ አያውቅም።»

ባለቤቴ መኪናውን አስቆመና ወርዶ በእግሩ መጣ። ሱቁ ስደርስ ሰጋቱራው ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዞ አገኘሁት። እየሳቀ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ እየሳቀም እያለቀሰም ነው።

«ሰባብሬ አበዛሁት» አለኝ። «አንዱን ወንበር ስሰብር ሃምሳ አደረግኩት። አንዱ ደግሞ እዚህ ነው ያለው።» ደረቱን መታ። «የዚያን ቀን እግዚአብሔርን ፈርቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጭብጨባውን ወድጄዋለሁ። አንቺ ነግረሽኝ ተቆጣሁሽ።»

ቤት ለቤት ዞሮ ቁራጮቹን ለመነ። ሰዎቹ በግድ ነው የሰጡት፤ ሹፌሩማ እጀታውን ሲፈታ የልጁን እጅ የሚሰጥ ነበር የሚመስለው። ባለቤቴ ሁሉንም ሙጫ ማፍሊያው ሥር ማገዳቸው። በእነሱ እሳት ባፈላው ሙጫ አግዳሚ ወንበር አጣበቀ። ከዚያ እጁን ታጥቦ እታለም ቤት ሄደ፤ በዚህኛው ቀን አንኳኳ።

ከፈቱለት። ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ነገራቸው፤ ስለ ሹፌሩ፣ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ጭብጨባው።

«ወንበሩን መስበሬን አልጸጸትበትም» አላቸው። «ግን አንቺን ያገኘሽ እኔንም አግኝቶኛል። አንቺ ቢያንስ ለወራት ታግለሽዋል፤ እኔ ሁለት ወር አልቆየሁም። ይቅር በይኝ።»

እታለም ካውያውን አስቀመጡ። ከዚያ «በመኪና መስታወት ላይ?» አሉ።

«በቀይ ክር።»

ሳቅ ጀመራቸው። ጠረጴዛውን ይዘው እስኪያጎነብሱ ሳቁ፤ እየሳቁ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተገለበጠ። «እኔ ጨርቅ ሳድል፣ እናንተ እንጨት!» አሉ። «ልጄ፣ የሴትየዋ እግር በህልሜ ይመጣል። ሄጄ ላያት ፈራሁ። እሷን ማየት የሆንኩትን ማየት ሆነብኝ። ሰው ጓሮዬን ሲሞላ ደግሞ፣ ይኸው ብዙ ሰው አምኖኛል፣ ጥፋት የለብኝም እያልኩ ራሴን አታለልኩ።»

«አብሬሽ ልሂድ?»

«አይሆንም። በገዛ እግሬ ነው የምሄደው» አሉ።

እኔ ቀድሜ ልብስ ሰፊዋ ቤት ነበርኩ። እታለም በር ላይ ሲታዩ ሴትየዋ ከስፌት መኪናዋ ልትነሣ ሞከረች። «ተቀመጪ» አሏት። በዚያ በማይታጠፍ ጉልበታቸው መሬት ላይ ተንበረከኩና የታሰረውን እግሯን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መርፌሽን ያስተውኩሽ እኔ ነኝ። በግልጽ ተዪም አትተዪም አላልኩሽም፤ እሱም ከመናገር ይከፋል። እውነቱን ብነግርሽ ክብሬ የሚቀንስ መስሎኝ ነው።»

ለሴትየዋ ይቅርታ በቀላሉ አልመጣላትም፣ መምጣትም አልነበረበትም። «ጣቶቼን አይመልሱልኝም» አለች።

«አልመልስልሽም» አሉ እታለም።

«ፔዳሉን በቀኝ እግሬ ብቻ ነው የምረግጠው። ያመኛል።»

«አውቃለሁ። ብሶትሽን ሁሉ ንገሪኝ፤ እሰማለሁ።»

ነገረቻቸው። እስክትጨርስ ከመሬት አልተነሡም። በመጨረሻ እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች፤ ሁለቱም አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ።

በሚቀጥለው የአምልኮ ቀን እታለም የጓሯቸውን በር ቆለፉት። የመጡትን ሰዎች «ወደ መጋዘኑ፣ ተከተሉኝ» ብለው ከፊት ከፊት መጡ። ገብተው በሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«ምናሴን ታውቁታላችሁ» አሉ። «ከነገሥታቱ ሁሉ የከፋው እሱ ነው። አባቱ ሕዝቅያስ ያፈረሰውን ሁሉ መልሶ የሠራ፣ ኢየሩሳሌምን በደም የሞላ። በሰንሰለት አስረው ባቢሎን ሲወስዱት ግን ራሱን አዋረደና ጸለየ። እግዚአብሔርም ሰማው! ልጅ ሆኖ ሳስተምረው ይሄ አናጢ፣ እንዴት ለምናሴ ይራራል ብሎ ይከራከረኝ ነበር። እኔም ያን ጊዜ መልሱን በአፌ እንጂ በልቤ አላውቀውም ነበር።» የሆነውን አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ልብስ ሰፊዋን በፊታቸው ይቅርታ ጠየቁ። «ከእኔ የወሰዳችሁትን ጨርቅ ምድጃ ውስጥ ክተቱት። መድኃኒት ያላችሁ መድኃኒታችሁን ውሰዱ፤ ጸሎትም አታቋርጡ። እግዚአብሔርን ተከተሉ፤ እኔን አይደለም፣ እሱንም አይደለም» ብለው ወደ ባለቤቴ ጠቆሙ።

ሁሉም አልተመለሱም። አንዳንዶቹ የእታለምን ትሕትና ድክመት ነው ብለው ተቀይመው ሌላ ቦታ ሄዱ። ግንበኛው ግን መጣ፤ ሹፌሩም አንገቱን ደፍቶ መጣ። ባለቤቴ ለእታለም መቀመጫ ሊያመቻች ሲነሣ በእጃቸው ከለከሉት፤ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ ልጅ ከምታጠባ ሴት አጠገብ ገፋ ገፋ አድርገው ተቀመጡ።

ዛሬ እታለም ሰማንያን ተሻግረዋል። ልብስ ሰፊዋ ክትትሏ በደረሰ ቁጥር ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስዷት እሳቸው ናቸው። አንዷ በእግሯ፣ አንዷ በጉልበቷ እያነከሱ፣ ተደጋግፈው በመንገዱ ዳር ዳር ይሄዳሉ። ባለፈው ከኋላቸው ደረስኩባቸው። ከነገሥታቱ ማን ይበልጣል ብለው እየተከራከሩ ነበር። እታለም ኢዮስያስ ነው ይላሉ፤ ቃሉን ሲሰማ ልብሱን ቀደደ፣ አላመነታም። ልብስ ሰፊዋ ግን ልብስ የሚቀድ ሰው እንዴት ደስ ሊለኝ ይችላል ትላለች። ጤና ጣቢያው በር ላይ ደርሰውም አልጨረሱም፤ ዘበኛው ሁለቱንም በእጁ እየደገፈ አስገባቸው።